«ብዙ የመታው እንዴት ይሸነፋል?» ስለ ጆንስና ሬየስ ምሽት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው በጎንደር ከተማ ማራኪ አካባቢ ከሚኖሩ አንድ አንባቢ ሲሆን በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ማስተር፣ አራት ጓደኛሞች ሆነን ዩኤፍሲ 247 የተባለውን የቅይጥ ማርሻል አርት ውድድር በፍላሽ አምጥተን ከመጀመሪያው ፍልሚያ እስከ መጨረሻው አየነው። ዶሚኒክ ሬየስ 116 ምት አሳርፎ 104 ባሳረፈው በሻምፒዮኑ በጆን ጆንስ ተሸነፈ መባሉ ለእኔ ግልጽ ዝርፊያ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ግን ‹ሻምፒዮን በነጥብ አይነጠቅም፤ ቀበቶ የፈለገ ዘርሮ ይውሰድ› ይላል። ሌላው ‹ጆንስ ሲገፋ፣ ሬየስ ሲሸሽ ነው ያመሸው› ባይ ነው። በዚያው ምሽት የነበረውን የሴቶቹን የሼቭቼንኮንም ፍልሚያ ዳኛው ያስቆመው ተጋጣሚዋ ራሷን ሳትስት ነው። አሁንማ በክበባችን እርስ በርስ ስንጋጠም ሳይቀር በነጥብ መኳረፍ ጀምረናል። ትክክሉ የማን ነው? እኛስ እንዴት እንዳኝ?»

ውጤቱ የሚያከራክር መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም እርስዎ «ዝርፊያ» ያሉበት ምክንያት የተሳሳተ ነው፤ የሁለቱ ጓደኞችዎ ምክንያት ደግሞ ከእርስዎም የባሰ ነው። ፍልሚያው በሂዩስተን፣ ቴክሳስ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2020 ቅዳሜ ምሽት፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1 ቀን 2012 እሁድ ማለዳ ነው። ሦስቱም የነጥብ ዳኞች ድሉን ለጆንስ ሰጡ፤ ሁለቱ 48 ለ 47፣ አንዱ 49 ለ 46። በዚያ ሰሞን ብዙ የስፖርት ጋዜጠኞች በየራሳቸው የነጥብ ካርድ ሬየስን አሸናፊ ስላደረጉ ብቻዎን አይደሉም። ነገር ግን እነዚያ ጋዜጠኞች ሬየስን አሸናፊ ያደረጉት ዙር በዙር ቆጥረው ነው፤ እርስዎ ደግሞ የሌሊቱን ምት ሁሉ በአንድ ላይ ደምረው ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። እግር ኳስ ተመልካች ሆነን ስላደግን ዘጠናው ደቂቃ አንድ ሒሳብ ይመስለናል፤ ፋሲል ከነማ በመጀመሪያው አጋማሽ ያገባው ግብ በሁለተኛውም ይቆጠርለታል። ቅይጥ ማርሻል አርት ግን በዚህ በኩል ከእግር ኳስ ይልቅ መረብ ኳስን ይመስላል። አንድ የመረብ ኳስ ቡድን ሁለቱን ስብስቦች 25 ለ 15፣ 25 ለ 15 ቢያሸንፍና ቀጣዮቹን ሦስት 23 ለ 25፣ 23 ለ 25፣ 13 ለ 15 ቢሸነፍ፣ በድምሩ 109 ነጥብ አስቆጥሮ 95 ባስቆጠረ ቡድን ተረታ ማለት ነው። «ተዘረፈ» የሚል ግን አይገኝም። በኬጅ (በአጥር በተከበበው የፍልሚያ መድረክ) ውስጥም እያንዳንዱ የአምስት ደቂቃ ዙር ራሱን የቻለ ግጥሚያ ነው፤ የዙሩ አሸናፊ 10፣ ተሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ 9 ያገኛል፤ ልዩነቱ እጅግ ሲሰፋ 8 ይሰጣል። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ያ ዙር ተዘግቷል፤ የተረፈ ምት ወደ ሚቀጥለው አይሻገርም።

በዚህ መንገድ የጆንስንና የሬየስን ፍልሚያ እንደገና እንመልከተው። የመጀመሪያውን ዙር አብዛኛው ተመልካች ለሬየስ ይሰጣል፤ ግራኙ ሬየስ ያን ጊዜ ትኩስ ነበር፣ እጁም ይከብድ ነበር። አራተኛውና አምስተኛው የጆንስ መሆናቸውን የሬየስ ደጋፊዎች እንኳ አይክዱም፤ ሬየስ ደክሞ ነበር፣ ጆንስ ግን አምስት ዙር መጓዝን ለዓመታት የለመደ ሰው ነው። እንግዲህ ሁለት ዙር አስቀድሞ ለጆንስ ከተሰጠ፣ ሬየስ እንዲያሸንፍ የቀሩትን ሦስቱንም ማሸነፍ ነበረበት። የሁለተኛው ወይም የሦስተኛው ዙር አንዱ ብቻ ወደ ጆንስ ካዘነበለ ካርዱ 48 ለ 47 ለጆንስ ይሆናል። ስለዚህ ክርክሩ ስለ 25 ደቂቃው ሳይሆን ስለ አሥር ደቂቃ ነው፤ የእርስዎ 116 እና 104 ደግሞ ስለ እነዚያ አሥር ደቂቃዎች ምንም አይነግረንም።

የቁጥሩንም ምንነት ማወቅ ያስፈልጋል። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው «ጉልህ ምት» የሚባለው አቆጣጠር፣ ከርቀት ተሰንዝሮ ያረፈን ምት በሙሉ፣ ተቃቅፈው ወይም መሬት ላይ ሳሉ ከተሰነዘሩት ደግሞ ኃይል ያላቸውን ብቻ ይይዛል። ይህ ማለት አፍንጫን ነካ አድርጎ የተመለሰ ቀላል ቡጢና ጉልበት የሚያብረከርክ የራስ እርግጫ ሁለቱም «አንድ» ተብለው ይመዘገባሉ። ቆጣሪዎቹ ዳኞች አይደሉም፤ ቁጥራቸውም የዳኝነቱ መለኪያ አይደለም። በዚያ ላይ የ12 ምት ልዩነት ለአምስት ዙር ሲካፈል በአንድ ዙር ሦስት እንኳ አይሞላም። በእንዲህ ያለ ጠባብ ልዩነት «ግልጽ» የሚለውን ቃል መጠቀም አይቻልም።

ዳኛው የሚመዝነው በቅደም ተከተል ነው፤ ቅደም ተከተሉም ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው ውጤታማ ምትና ውጤታማ ትግል ነው፤ ማለትም ፍልሚያውን ወደ ፍጻሜው የሚያቀርብ ጉዳት ያደረሰው፣ ለማነቅ ወይም መገጣጠሚያ ለመቆለፍ በእውነት የቀረበው ማን ነው? ወዲያው የሚያናጋ ምት ቀስ በቀስ ከሚጠራቀም ምት ይበልጣል። በዚህ ሚዛን ሁለቱ ፍጹም እኩል ከሆኑ ብቻ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ውጤታማ አጥቂነት ይኬዳል፤ በዚያም እኩል ከሆኑ ብቻ የኬጁን መሃል ይዞ ግጥሚያውን የመራው ማን እንደሆነ ይጠየቃል። «ጆንስ ሲገፋ ነበር» የሚለው የጓደኛዎ ክርክር በዚህ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለ ነገር ነው። ወደ ፊት እየተራመዱ መመታት መመታት ነው፤ ወደ ኋላ እየተራመዱ ማሳረፍም ማሳረፍ ነው። በእውነቱ ከሆነ በዚያ ሌሊት ብዙ ሰው ለጆንስ ያዘነበለው በዚህ እርምጃ ተታሎ ይመስለኛል፤ ሬየስ ዳር ዳሩን ሲዞር ማየት የሽሽት ስሜት ይፈጥራል።

ስለ መጣልም አንድ ቃል ማከል አለብኝ፤ በእኛ አካባቢ ይህ ስህተት ሥር አለውና። በደምቢያም ሆነ በወገራ ከብት እየጠበቀ ያደገ ሰው ትግልን የሚያውቀው ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ በሚል ሕግ ነው፤ ተጣዩ አቧራውን አራግፎ ይነሳል፣ ጨዋታው አልቋል። በኬጅ ውስጥ ግን መጣል መጀመሪያ ነው። ጥሎ ምን አደረገ? መታው? አነቀው? ወይስ የወደቀው ወዲያው ብድግ አለ? ጆንስ በዚያ ሌሊት ዘጠኝ ጊዜ ሊጥል ሞክሮ የተሳካለት ሁለት ጊዜ ነው፤ ያም ቢሆን ሬየስን መሬት ላይ አቆይቶ የጎዳበት ሁኔታ አልነበረም። ለእነዚያ ሁለት ውርወራዎች ትልቅ ነጥብ የሚሰጥ ሰው የሚዳኘው የእረኞችን ትግል ነው።

«ሻምፒዮን በነጥብ አይነጠቅም» የሚለው ከቦክስ ሰፈር የመጣ አሮጌ ወሬ ነው እንጂ በየትኛውም ደንብ አልተጻፈም። ሻምፒዮኑም ተፈታታኙም ከዜሮ ይጀምራሉ። ሻምፒዮኑ ያለው ብቸኛ ጥቅም ውጤቱ አቻ ከሆነ ቀበቶው እሱ ዘንድ መቅረቱ ነው። ይህ በዲሴምበር 2020 በዴቪሰን ፊጌሬዶና በብራንደን ሞሬኖ መካከል ታይቷል፤ ፊጌሬዶ ከቀበቶ በታች በመምታቱ አንድ ነጥብ ተቀንሶበት ፍልሚያው በአብላጫ ዳኞች አቻ ሲባል ቀበቶው ከወገቡ አልወረደም። ጓደኛዎ ሊጠቅሱት የሚችሉት ይህን ብቻ ነው፤ ከዚህ ያለፈው ፈጠራ ነው።

ሌላው የሚያሳስት ነገር ፊት ነው። በኖቬምበር 2013 ላስ ቬጋስ ላይ ጆርጅ ሴንት ፒየርና ጆኒ ሄንድሪክስ አምስት ዙር ጨርሰው ሲቆሙ የሴንት ፒየር ፊት አብጦና በልዞ ነበር፤ የሄንድሪክስ ግን ያን ያህል አልተጎዳም ነበር። ሆኖም በተከፋፈለ ድምፅ 48 ለ 47 የረታው ሴንት ፒየር ሆነ። እኔ በበኩሌ ያን ፍልሚያ ለሄንድሪክስ ነው የሰጠሁት፤ ነገር ግን የሰጠሁበት ምክንያት የመጀመሪያው ዙር ነው እንጂ የመጨረሻው ፎቶግራፍ አይደለም። አንድ ሰው በሁለት ዙር ክፉኛ ተመትቶ ሦስቱን በጠባቡ ሊያሸንፍ ይችላል፤ ፊቱ ግን የሁለቱን ዙር ታሪክ ብቻ ይዞ ይወጣል።

ይህን ሁሉ ስል የሂዩስተኑን ዳኝነት ሙሉ በሙሉ ነጻ ማውጣቴ አይደለም። 49 ለ 46 ማለት ሬየስ ከአምስቱ ያሸነፈው አንድ ዙር ብቻ ነው ማለት ነው፤ ይህን ካርድ በምንም ሚዛን ልደግፈው አልችልም። ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨኝ ግን እርስዎ በደብዳቤዎ ያልጠቀሱት ፍልሚያ ነው። በዚያው ምሽት ቀደም ብሎ፣ የአንድ ቀን ማስታወቂያ ብቻ ተሰጥቶት ከክብደቱ በላይ የተጋጠመው ጄምስ ክራውስ በመጀመሪያው ዙር የትሬቪን ጋይልስን ጀርባ ይዞ፣ እግሮቹን በወገቡ ላይ ቆልፎ፣ አንገቱን ለማነቅ እየታገለ የዙሩን ሰፊ ክፍል አሳለፈ። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ያን ዙር ለጋይልስ ሰጠ፤ ጋይልስም በተከፋፈለ ድምፅ አሸነፈ። በሦስት ዙር ፍልሚያ አንድ ዙር ተሳስቶ መስጠት ካርዱን ከ29 ለ 28 ወደ 28 ለ 29 ይገለብጠዋል። «ዝርፊያ» የሚለው ቃል ከተነሳ የሚነሳው እዚያ ላይ ነበር፤ ግን ተፋላሚዎቹ ዝነኞች አልነበሩም፣ ቀበቶም አልነበረም፣ ሰውም ወዲያው ረሳው። ደግሞ ዳኞቹን የሚመድበው ዩኤፍሲ ሳይሆን የየግዛቱ የመንግሥት ተቆጣጣሪ አካል ስለሆነ፣ «ኩባንያው ለጆንስ አደላ» የሚለው ክርክር በቀጥታ የሚሄድበት መንገድ የለውም። የዳኛ ድክመትና የተገዛ ዳኛ ሁለት የተለያዩ ክሶች ናቸው፤ ሁለተኛው ማስረጃ ይፈልጋል።

የሼቭቼንኮ ፍልሚያ መቆም ትክክል ነበር፤ ብዙም አያከራክርም። በሦስተኛው ዙር አንድ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ቫለንቲና ሼቭቼንኮ ካትሊን ቹኬጊያንን መሬት ላይ አስተኝታ ሁለቱንም ክንዶቿን ቆልፋባት ነበር። በዚያ አያያዝ የተያዘ ሰው ፊቱን የሚከላከልበት እጅ የለውም፤ የሚመጣውን ምት ዓይኑን ከፍቶ ይቀበላል። የመሃል ዳኛው የሚጠብቀው ራስን መሳት አይደለም፤ የሚጠይቀው «ይህች ሴት አሁን ራሷን በአግባቡ እየተከላከለች ነው ወይ?» ብሎ ነው። መልሱ «አይደለም» ከሆነ ያስቆማል። ራሷን እስክትስት የሚጠብቅ ዳኛ ሥራውን አልሠራም።

ዳኝነት ምን ያህል ሊጠራ እንደሚችልም ገደቡን ልንገርዎ። ባለፈው ክረምት በማሠለጥንበት አዳራሽ ስድስት ልጆችን በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ምንጣፉ ላይ አስቀምጬ፣ ድምፁን አጥፍቼ፣ የጆንስንና የሬየስን ሦስተኛ ዙር ብቻ አሳየኋቸው። እያንዳንዳቸው ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይዘው ነበር። አራቱ ለሬየስ፣ ሁለቱ ለጆንስ ሰጡ። ወረቀቶቹን ስሰበስብ የገረመኝ ከውጤቱ ይልቅ ጭረቶቹ ነበሩ፦ በቴኳንዶ ያደገው ልጅ ጆንስ በሬየስ እግር ላይ ያሳረፈውን እያንዳንዱን እርግጫ አንድ በአንድ ጭሯል፤ ከቦክስ የመጣው ልጅ ወረቀት ላይ ግን የእግር ምት የሚባል ነገር ጨርሶ የለም፣ ያየው እጅ ብቻ ነው። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ስክሪን ነው ያዩት። እኔ ያን ዙር በጠባቡ ለሬየስ ሰጥቼ ፍልሚያውን 48 ለ 47 ለእሱ ነው የምይዘው፤ የቴኳንዶው ልጅ ግን ተሳስቷል ለማለት አልደፈርኩም። ደንቡ 10 ለ 10 እንዲሰጥ ቢፈቅድም ዳኞች እጅግ በጣም አልፎ አልፎ ነው የሚጠቀሙበት፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ዙር በግድ ወደ አንዱ መውደቁ አይቀርም።

ውጤቱ ይገለበጣል ብሎ መጠበቅም ከንቱ ነው። የነጥብ ውሳኔ የሚሻረው በመደመር ስህተት፣ በደንብ አተረጓጎም ጥሰት ወይም በመመሳጠር ነው እንጂ «ዳኛው በደንብ አላየም» በሚል አይደለም። ሁለቱም እንደገና አልተጋጠሙም፤ ጆንስ በዚያው ዓመት የቀላል ከባድ ሚዛን ቀበቶውን ለቀቀ፣ ሬየስም በሴፕቴምበር ለክፍት ቀበቶው ተጋጥሞ በያን ብላሆቪች በሁለተኛው ዙር በቴክኒክ ዝረራ ተሸነፈ። የኋላው ውጤት ግን የሂዩስተኑን ካርድ አያስተካክልም፤ «አየህ፣ ሬየስ ድሮም ደካማ ነበር» የሚል ሰው ካለ እሱም እንደ እርስዎ የማይደመረውን እየደመረ ነው።

አሁን ወደ ክበባችሁ ልምጣ፤ ለእኔ ከጆንስ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው ውጤት በአፉ አይናገር። ሦስት ዳኞች በሦስት የተለያዩ ጎኖች ይቀመጡ፤ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሰዎች ሳይነጋገሩም ይገባባሉና። ዙሩ እንዳለቀ፣ አንድ ደቂቃው ዕረፍት ሳያልቅ፣ እያንዳንዱ ዳኛ 10 ለ 9 ብሎ በወረቀት ጽፎ ለአንድ ሰብሳቢ ይስጥ፤ የሰጠውን መልሶ አያስተካክል። የአንዱ ተፋላሚ አሠልጣኝ፣ ወንድም ወይም የሰፈር ጓደኛ ዳኛ አይሁን። ከሦስቱ ዳኞች ቢያንስ አንዱ ከትግል ወይም ከጁዶ የመጣ ይሁን፤ ሁሉም ከቦክስና ከቴኳንዶ ከሆኑ መሬት ላይ የሚሆነውን «ዕረፍት» አድርገው ያልፉታል። እንደ ጀማሪ ሦስት ዙር በሦስት ሦስት ደቂቃ ይበቃችኋል፤ ዓለም አቀፉ የአማተሮች ደንብም የሚለው ይህንኑ ነው። እሱ ክርንን ከልክሏል፤ እናንተም ከልክሉ።

ጥንቃቄውን በቀላሉ አይለፉት። በቪዲዮ ያያችሁትን የሁለት ክንድ ቁልፍ ከምት ጋር በልምምድ አትሞክሩት። በማነቅ ልምምድ ተጋጣሚ እጅ መስጠቱን ለማሳየት በእጁ መታ መታ ሲያደርግ ወዲያው መልቀቅ ግዴታ ነው፤ አንገት በትክክል ከተያዘ ሰው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታልና። በራሱ ላይ ምት ተቀብሎ የተደናገረ፣ የተንገዳገደ ወይም «የት ነው ያለሁት» ያለ ልጅ የዚያን ቀን አይመለስ፤ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከበረታ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ደግሞ ቤት ወስዳችሁ አታስተኙት፤ በቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ። በካርድ ውጤት ላይ የሚደረግ ውርርድንም ከክበቡ አስወጡት፤ ገንዘብ የገባበት ዙር ላይ ወረቀት ይዞ የሚቀመጥ ዳኛ ከእናንተ መካከል አታገኙም።

ለእርስዎም ለሦስቱ ጓደኞችዎም አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ያንኑ ፍላሽ እንደገና ክፈቱ፤ ድምፁን አጥፉ፤ በአስተያየት ሰጪዎች ጩኸት ውስጥ ቆሞ ነጥብ መያዝ አይቻልምና። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዙር ብቻ ተመልከቱ፤ ቡጢውንም እርግጫውንም ጭሩ፣ ያናጋውን ምት በክብ ከልሉ፣ ዙሩ ሲያልቅ ወረቀታችሁን ገልብጡ፤ የአራታችሁም ሳይሰበሰብ ማንም አይናገር። አራቱም ሁለቱንም ዙሮች ለሬየስ ሰጥተው ከተገኙ፣ ያን ጊዜ «ዝርፊያ» ብለው ይጻፉልኝ፤ ወረቀቶቹንም አብረው ይላኩልኝ።